ቅዳሜ እንዳትሰለፍ

ውድ ወንድሜ ቫልዴሲር፣

ከቬትናም እስከ ቆጵሮስ ያንከራተተህ እግርህ ጤና ይሁን። እኛ እዚህ በትውልድ ከተማችን ካይኮ ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

የእሁዱን ጨዋታ ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን አየነው። ከአጥቂው ጋር በጭንቅላት ተጋጭተህ ስትወድቅ እማዬ ባቄላውን ላማስል ብላ ወጥታ ቀረች። ከዚያ ተነስተህ ኳሷን ወደ ራስህ ጎል ይዘህ ስትሮጥ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሁሉንም ከቤት አስወጣኋቸው።

ለወኪልህ ደወልኩለት። «እመቤት፣ ተከላካይ በቴስታ ካልመታ ምን ሊሠራ ነው?» አለኝ። «የራስህን ጭንቅላት አውሳቸዋ!» ብዬ ዘጋሁበት።

ትናንት ደውለህ «አባባ እንዴት ነው? አሁንም ያስለዋል?» አልከኝ። እማዬ አጠገቤ ስለነበረች «ደህና ነው» አልኩህ። የአባባን የሬሳ ሳጥን ከፊት የተሸከምከው አንተ ነበርክ፣ ቫልዴሲር።

ቅዳሜ እንዳትሰለፍ። አሰልጣኙ ከተቆጣ የእኔን ስልክ ስጠው፤ ከእኔ ጋር ይጨርስ። ከዚያ በመጀመሪያው አውሮፕላን ና። እማዬ ሥጋ አድርቃ እየጠበቀችህ ነው።

አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ። ዛሬውኑ መልስ ጻፍልኝ። ማንንም ሳትጠይቅ፣ የእያንዳንዳችንን ስም እየጠራህ ሰላም በለን።

እህትህ ጁሳራ