አባታችን ጠበቃውና ጉድጓዱ አፍ ላይ የሰሙት ቃል

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 6 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ያጠኑ የነበረው በእናታቸው የስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሕግ ተመረቁ። የግንባታ ሕግን የመረጡት አባታቸው ያለ ውል እየሠሩ ሲጉላሉ አይተው ስላደጉ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ጠዋት ውል ያረቅቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ በውል የተጣሉትን ይዘው ይከራከራሉ። ባልደረቦቻቸው «ራስህ ቋጥረህ ራስህ ትፈታለህ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ካረቀቁት ውል ሁሉ አንድ አንቀጽ አይጠፋም፦ ተቋራጩ የገጠመውን ችግር በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላስታወቀ፣ ጨርሶ እንዳላስታወቀ ይቆጠራል። ቤትም ያው ነበሩ። ልጆቻቸው ለትምህርት ቤት ጉዞ ፈቃድ ሲጠይቁ «በጽሑፍ አቅርቡ» ይሏቸው ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ክሊኒክ ለሚያስገነባ አንድ ባለቤት ውሉን አርቅቀው፣ ጠበቃውም ሆነው ወደ ግንባታው ቦታ ሄዱ። ተቋራጩ የመሠረቱ ጉድጓድ አፍ ላይ አገኟቸውና «ጋሼ፣ ከሥር ውሃ ወጥቷል። መሠረቱ በፕላኑ አይሄድም፤ ጊዜ ይፈልጋል» አሏቸው። አባታችን ጫማቸውን ከጭቃው እያላቀቁ «ሰምቻለሁ፣ ቀጥሉ» አሉ። ተቋራጩ ይህን አምነው ደብዳቤ ሳይጽፉ ቀሩ።

ሥራው ሲዘገይ ባለቤቱ ውሉን አፈረሰ። በግልግል ጉባኤው ፊት ተቋራጩ «ነግሬያለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው እዚያው ቆመው ነበር» አሉ። አባታችን ተነሥተው «በጽሑፍ የደረሰን ነገር የለም» ብለው ተቀመጡ። ሐሰት አልተናገሩም። አሸነፉም። ተቋራጩ ግን ውሸታም ተብለው ሥራ የሚሰጣቸው አጡ። እስከ ዛሬ በየግንባታው ቦታ «ነግሬያለሁ» በሚል ቅጽል ስም ይጠራሉ።

አባታችን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሠሩ፤ ነገሩን ግን አንድም ቀን አላነሡም። ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም አልጋ ሲይዙ ታናሽ ልጃቸውን ጠርተው ይህንኑ አስጻፏት። ሁለት ጊዜ እስከ ተቋራጩ በር ሄደው ሳያንኳኩ መመለሳቸውንም ነገሯት። «አፍሬ ነው የኖርኩት። ቀብሬ ላይ ይነበብ» አሏት። ታላቅ ወንድሟ «በለቀስተኛ ፊት አባታችንን ልታዋርጂ ነው?» ሲላት፣ እናታችን «እሱ ያለውን ጻፊ፤ አታሳምሪው» አሉ። ልጃቸውም አፍራለች፤ ጽፋለችም።

አባታችን ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ኀፍረታቸውን ይዘው የቀረቡትን አባታችንን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን።

የዚህን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ታናሽ ልጃቸው ትናንት ለተቋራጩ ቤታቸው ድረስ ወስዳ ሰጥታለች፤ ፈርመው ተቀብለዋል። ተቋራጩ ነግረው ነበር። አባታችንም ሰምተው ነበር።