የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘመናይ አብተው
ጎባ

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተሻል? የጎባ ብርድ ክፉ ነው ይላሉ፤ ሆስፒታሉ ተረኛ ሲያደርግሽ ሹራብ ደርበሽ ልበሺ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ሀሰን ነው። በፖስታ ያልላክሁት ቴምብር ጠፍቶ አይደለም። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

ለገና እንዳትመጪ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የወር ወረቀቴን ታውቂያለሽ። በደራ፣ በሞጆና በቡልቡላ ላሉት ልብስ ሰፊዎች በየወሩ አንድ ገጽ አባዝቼ በሾፌሮች እልካለሁ። ሌላው ነጋዴ «ዕቃ ገብቷል፣ ኑ ግዙ» ብሎ ይለጥፋል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የእኔን የሚያነቡት የመጀመሪያው መስመር የራሳቸው ጉዳይ ስለሆነ ነው። ክር የሚበጥስ የስፌት መኪና ምኑ መታየት እንዳለበት፣ አቡጀዲ በየትኛው መርፌ እንደሚሰፋ። ሱቄ ዘይትና መርፌ መግባቱን ከታች ነው የምናገረው። ከሁሉ በላይ የእያንዳንዱን ስም በእጄ እጽፍበታለሁ፤ ሰው ስሙን ያየበትን ወረቀት አይጥልም። የራሴን ስም ግን ጽፌበት አላውቅም። «አባዬ፣ ይፈርሙበት እንጂ» ስትዪኝ «ደንበኛዬ ያውቀኛል» አልሁሽ።

ባለፈው ወር የቀበሌው ሊቀመንበር ነጋሳ ወረቀቱን ይዞ ሱቅ መጣ።

«ጋሼ አብተው፣ መፈክሩ የታለ?»

«የምን መፈክር?»

«አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት ነዋ! አናቱ ላይ መኖር አለበት።»

«አናቱ የደንበኛው ቦታ ነው። መፈክር የጎበጠ መርፌ አያቃናም» አልሁት።

በሩን ገርበብ አደረገና «እርስዎ አልተናገሩም፣ እኔም አልሰማሁም» ብሎኝ ወጣ። ያን ቀን ስቄበታለሁ።

ማክሰኞ ዕለት መሪማ ከደራ መጣች፤ የልብስ ሰፊው የመሐመድዘይን ሚስት። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«አባባ አብተው፣ ወሰዱት።»

«ማንን?»

«ባሌን! ወረቀቶችዎን እንደ መጽሐፍ ሰፍቶ የስፌት መኪናው ሥር ያኖራቸው ነበር። አብዮት ጥበቃዎቹ ሲፈትሹ አገኟቸው። ‹መፈክር የለው፣ ፊርማ የለው፣ ያለው ያንተ ስም ብቻ፤ የትኛው ድብቅ ድርጅት ነው የሚልክልህ?› ይሉታል።»

«አብተው ነው አላላቸውም?»

«አላውቅም ነው የሚለው። ምሳ ሳደርስለት እግሩ መሬት መርገጥ አቅቶታል። ‹ለጋሼ ንገሪያቸው፣ ወደ ደራ ዝር እንዳይሉ› ብሎኛል።»

ዘመናይ፣ አባቴ ፈሪ አይደለም እያልሽ ነው ያደግሽው። ከማክሰኞ ወዲህ ግን መኪና ደጃችን ላይ ቀስ ሲል መብራቱን አጠፋለሁ። በሩ ሲንኳኳ ማነው ሳልል በቀዳዳው አያለሁ። ወረቀቱን የማባዛበትን ስቴንስል ስጽፍ ፊደል እየሳትሁ ደጋግሜ ቀደድሁት።

ነጋሳን ጠየቅሁት። «ዝም ይበሉ። ሰውየው ካልተናገረ ማን ያውቅብዎታል?» አለኝ። እሱም ሲናገር መንገድ መንገዱን ያያል። ሰው በእኔ ወረቀት ሲገረፍ እኔ ሱቅ ከፍቼ ዘይት ልሸጥ? ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ደራ እሄዳለሁ። የቀሩኝን ስቴንስሎች አሳይቼ «ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ የጻፍሁት ስለ መርፌ ነው» እላቸዋለሁ። ይመኑኝ አይመኑኝ አላውቅም። ጋቢዬን ይዣለሁ። የሱቁን ቁልፍ ለጎረቤታችን ለበላይነሽ ሰጥቻታለሁ።

የሞጆና የቡልቡላ ደንበኞቼም ቤታቸው ውስጥ ወረቀቴ አለ። ለእነሱ የመጨረሻውን ዛሬ አባዝቼ ለሀሰን ሰጠሁት። የማንንም ስም አልጻፍሁበትም። አናቱ ላይ መፈክሩን በትልልቁ፣ ግርጌው ላይ የእኔን ሙሉ ስም። ሌላ ቃል የለበትም። አብተውን ያውቁታል፤ እሱ መፈክር ከጻፈ ክፉ ነገር መጥቷል ብለው የቆዩትን ያቃጥላሉ። የመጀመሪያው መስመር እንደ ወትሮው ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው ነው።

አንቺም ይህንኑ ያዢ። ወደፊት በእጄ የተጻፈ፣ «ደህና ነኝ፣ ነይ» የሚል ደብዳቤ ቢደርስሽ መጀመሪያ አናቱን ተመልከቺ። መፈክር ካለበት ጽሕፈቱ የእኔ ቢሆንም ቃሉ የእኔ አይደለም። አትምጪ።

አምላክ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ። ያስታመምሽው ሁሉ ድኖ ይመርቅሽ። የልጅሽን ጉንጭ ለመሳም ያብቃሽ፤ እኔንም ከፈቀደ ለማየት።

የዚህ ደብዳቤ አናት ላይ ከቀኑ በቀር ምንም እንደሌለ አይተሻል። እስከዚህች ሰዓት የራሴ ሰው ነኝ።

እንዳልሽኝም ይኸው ፈርሜበታለሁ።

አባትሽ
አብተው ወልደአማኑኤል