ስለ ዓይኔ ለጠየቁኝ ወንድሜ

ለተከበሩት ወንድም ጋሼ ጥሩነህ፣

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለው? ያ ክረምት የጀመረዎ ሳልስ ለቀቀዎት ወይ? እትዬ ዘመነች ደህና ናቸው? ልጆቹስ? የቢቸና ብርድ እንዳይበረታባችሁ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በልቼ አድራለሁ፣ ሥራም እገባለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ ውሸት በቤታችን በቅቶናል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ዓይንሽ እንዴት ሆነ? ጠባሳው ጠፋ ወይ?» ብለዋል። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት እሱን ስለሆነ እኔም ከእሱ እጀምራለሁ።

እንደሚያውቁት የዓይኔ ቆብ ከልጅነቴ ጀምሮ ወርዶ ግማሽ ዓይኔን ይሸፍነው ነበር። ተማሪ ቤት «ተኝታ የምትሄደው» ነበር ስሜ። የምሠራበት ሆቴል ሥራ አስኪያጅም «እንግዳው ያንቀላፋሽ ይመስለዋል» ብሎ ከእንግዳ መቀበያው አንስቶ ልብስ ማጠቢያ ሲወረውረኝ፣ የዓይን ቆብ ስለሚያቃና አንድ ፈረንጅ ሐኪም ጻፍኩልዎ። «ታከሚ፤ ለእማዬ ግን አትንገሪያት፣ ትደነግጣለች» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ ከቆቡ ላይ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ በቀጭን ክር ሰፋው። ፊቴ አብጦ ድፎ ዳቦ አከለ፣ ሁለቱም ዓይኖቼ በፋሻ ታሰሩ። አክስታችን የሺእመቤት ምች እንዳይመታኝ ብለው መስኮቱን ዘጉ፤ ጤና አዳም አፍንጫዬ ሥር እያደረጉ፣ ሽቶ የተቀባውን ሁሉ ከበር እየመለሱ አስታመሙኝ።

ክሩ ሲወጣ ግራው አምሮ ዳነ። ቀኙ ግን መግል ቋጠረ፣ ቆይቶም ጠባሳው ወፈረና ቆቡን ወደ ላይ ሳበው። ያሳክከኛል፣ ብርድ ሲሆን ይወጥረኛል። ስተኛ አይገጥምልኝም፣ ጠዋት ዓይኔ ደርቆ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆረኝ እነሳለሁ። ሐኪሙ ቅባት ሰጥቶኝ ውሎ አድሮ ይለሰልሳል ብሎኛል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አሁን «ምን አስደነገጠሽ?» ይለኛል፤ ያለሁትም እዚያው ልብስ ማጠቢያ ነው። ስለ ዓይኔ የጠየቁኝ መልሱ ይኸው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቁኝን ልንገርዎ።

ፋሻው ሲነሳልኝ አክስታችን ጥቁር ለብሰው አየኋቸው። የእድር ሴት ሞታ ነው አሉኝ። ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር፤ ጉንፋን ነው አሉኝ። ሁሉንም አመንኳቸው። መስታወት ይዤ «ቀኙ ከግራው አያንስም?» እያልኩ ስነዘንዛቸው የእህታቸውን ሐዘን በሆዳቸው ይዘው «ያምርብሻል» ይሉኝ ነበር። እኔ ቆቤን ስለካ እማዬ አፈር ለብሳለች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን እጠላዋለሁ።

አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲገባ መርዶ መሆኑ ገባኝ። ፊቴን ልነጭ ስል ሴቶቹ እጄን ጠፍረው ያዙና «ዓይኗን! ኧረ ዓይኗን!» እያሉ ጮኹ። ወንድም ጋሼ፣ ሰው እናቱ ሞታበት ለዓይኑ ቆብ ይለመናል? የእድራችን ዋጋነሽ ደግሞ ከበስተኋላዬ «እናቷ አፈር ስትገባ እሷ ዓይኗን ታሳምራለች» ስትል ሰማኋት። ለሚያይ ሰው እንደዚያው ነው።

አክስታችን ከዚያ በኋላ እያለቀሱ ሁሉን ዘረገፉልኝ። እማዬ ስትታመም ከእርስዎ ቴሌግራም መጥቶ ነበር። እኔ በፋሻ ታስሬ መተኛቴን ሲያስታውቁዎ እርስዎ «ቁስሏ ይዳን፣ ለቅሶ የትም አይሄድም» ብለው መለሱ። እውነትዎን ነው፣ ለቅሶው የትም አልሄደም። የሄደችው እማዬ ናት። ዓይኔ ታስሮም ቢሆን እጄን ይዞ አውቶቡስ ላይ የሚያወጣኝ አላጣም ነበር። ባላያት እንኳ ፊቷን እዳስሳት ነበር፣ ድምፄንም ትሰማው ነበር።

የእማዬ ጎረቤት የኔነሽ ሰሞኑን ለቅሶ ልትደርሰኝ ከቢቸና መጥታ ነበር። እማዬ በመጨረሻዋ በር በተንኳኳ ቁጥር «ብርቱካን ናት?» ትል እንደነበር ነገረችኝ። እርስዎ ጠጋ ብለው በጆሮዋ አንድ ነገር ሲነግሯት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም አለችኝ። ምን እንዳሏት ግን የኔነሽ አልሰማችም።

ወንድም ጋሼ፣ ምን አሏት? እየመጣች ነው አሏት? አትመጣም አሏት? ወይስ ዓይኗን እያሳመረች ነው አሏት? «ለአንቺው ብለን ነው» የሚለውን ይተዉትና ይህን ብቻ ይጻፉልኝ። ይህን ሳላውቅ ለተዝካሯ አልመጣም፤ ከእርስዎ ጎን ተቀምጬ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሉን አልሰማም።

እማዬን አጥበው ለገነዙልኝ ለእትዬ ዘመነች እጃቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ልጆቹን ዳንኤልንና ጥሩብርሃንን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። የኔነሽ በሰላም ገብታ እንደሆነ እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። አክስታችን ሁላችሁንም እንዴት ናችሁ ብለዋል፤ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ እንቀርባለን፣ ብዙም አንነጋገርም። ለእርስዎ የምለው ስንብት ግን መልስዎን እስካነብ ይቆየኝ።

እህትዎ ብርቱካን
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 ዓ.ም.