ውሃ የጨመርኩበት ሽንት

ልጄ ኢፍቱ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እዚህ ሮቤም ዝናቡ ገብቷል። በስልክ እንዳላወራሽ አባትሽ ይሰማል፤ ስለዚህ ይህን ወደ አንቺ በምትመጣው በሙሉካ እጅ ላክሁልሽ።

ሽንት ሲያቃጥለኝ ብርድ ነው እያልኩ ከረምኩ። በመጨረሻ ላቦራቶሪ ብሄድ መርማሪው የጎረቤታችን ልጅ ሳላሀዲን ሆኖ አረፈው! የደፈረሰ ሽንት ለእሱ መስጠት አፈርኩና ከሽንት ቤቱ ማንቆርቆሪያ ውሃ ጨመርኩበት።

«አዴ ሩቂያ፣ ውሃ የገባበት አይመረመርም፤ ሌላ ይስጡኝ» አለኝ።

በሁለተኛው ሽንት ላይ ኢንፌክሽን ተገኘ። መድኃኒቱን ጨርሼ ይኸው ድኛለሁ።

አንቺም ባለፈው ሲያቃጥልሽ «ብርድ ነው» ያልሽው ከእኔ ተምረሽ ነው። አላህ ያሽርሽ፣ ልጄ። እፍረቱን ለሁለታችንም እኔ አፍሬዋለሁ፤ አንቺ ተመርመሪ ብቻ።