ሰንበት የሚያከብር ሶላር

ነሐሴ 18 ቀን 2007 ዓ.ም.
ከጅጋ በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ

ውድ ወንድሜ ባንተአምላክ፣

እኔ ደክሞኛል፤ አንተስ? ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጤናችን ደህና ነው፤ ያለቀው የእኔ ጉልበት ነው። በአንተና በአባባ መካከል ቃል ሳመላልስ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደውዬ እንዳልነግርህ፣ ስልኩን ስይዝ አባባ አጠገቤ ይመጡና ሰማዩን የሚያዩ መስለው ይቆማሉ። ስንጨርስ «ምን አለ?» አይሉም። «ባትሪው አለቀ እንዴ?» ይላሉ።

ስለዚህ ወረቀት ይሻላል። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ የወፍጮው ሞተር አልተሸጠም። ሐሙስ ዕለት ከቡሬ ገዢ መጥቶ ነበር። ዙሪያውን ዞረው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ማየት ብቻ ነው የቀረው። አባባ «አይሸጥም» ብለው ጠላ አስቀዱለትና ሸኙት። አንተ ደግሞ «ያ ሞተር ከቤት ካልወጣ እኔ አልገባም» ብለሃል። እማዬ ለመስቀል ትመጣ እንደሆነ በየማለዳው ትጠይቀኛለች። እኔ ምን ልበላት?

የተጣላችሁበትን ቀን አልረሳሁትም። አንተ ከፍኖተ ሰላም የሆነ ነገር አንብበህ መጥተህ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ዓለም ናፍጣ የሚባል ነገር ይረሳል፣ ፀሐይና ነፋስ ይበቁታል እያልክ ወፍጮ ቤቱ መሃል ቆመህ ታስተምራለህ። አባባ ናፍጣ እየቀዱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ዓለም ሲረሳው ላክብኝ። እስከዚያው ቀበቶውን ያዝልኝ።»

«ይሽጡት እኮ ነው የምልዎት፣ ይሄን የጭስ ሳጥን።»

«ይሄ የጭስ ሳጥን ነው ያስተማረህ። እሱን ከጠላህ ያበላህንም ጥላ።»

አንተ ራትህን ሳትበላ ወጣህ፤ እሳቸውም ሳይበሉ ተኙ። የሁለታችሁንም ድርሻ የበላሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ጠብ የተጠቀመ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። በሳምንቱ አዳማ ገብተህ የነፋስ ማማ መትከል ጀመርክ።

ሶላሩ መተከሉን በስልክ ነግሬሃለሁ፤ እንዴት እንደመጣ ግን አታውቅም። አንድ ድርጅት በፀሐይ የሚሠራ ወፍጮ ከነጣሪያ ሳህኖቹና ከነባትሪዎቹ ለሙከራ እሰጣለሁ ብሎ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። ሽማግሌዎቻችንን ታውቃቸዋለህ፤ በነፃ የሚሰጥ ነገር ሲያዩ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። አንዱ ተነሥተው «ፀሐይዋን ወደዚያ ሳህን ስትጎትቷት ለማሳችን ምን ይተርፋል?» ብለው ጠየቁ። የቀሩትም ጥያቄው ትልቅ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከኋላ ሆኜ ነጠላዬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ። «እኔ እወስደዋለሁ» ብለው እጃቸውን ያወጡት አባባ ብቻ ናቸው። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሳህኖቹን የጫነው መኪና ከጅጋ በላይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲያጓራ ዋለና ነዳጅ ጨረሰ። ከእኛው ጀሪካን ተቀድቶለት ነው ዳገቱን የወጣው። አባባ ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ፀሐይን አዝሎ ያመጣት ናፍጣ ነው» እያሉ ይሳለቃሉ። ይህን ሲሉ እንግዳውን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት። ለአንተ እንድነግርህ ነው። ይኸው ነገርኩህ።

በጋውን ሶላሩ ሠራ። እውነቴን ነው፣ ያስደስታል። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ አይሸትም። ችግሩ የመጣው በመጀመሪያው እሁድ ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ አባባ መሰላል አቁመው፣ ሸራ ተሸክመው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«አልሠራም። እያሳረፍኳቸው ነው።»

«ሳህኖቹን?»

«እኔ አርፌ፣ በሬዎቹ አርፈው፣ እነዚህ ጣሪያዬ ላይ ሲሠሩ ሊውሉ ነው?»

የእኛን አገር በዓል መቼም አልረሳኸውም። ቅዳሜ ሰንበት፣ እሁድ ሰንበት፣ ከዚያ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ። ሞተሩ ከዚህ ሁሉ ጋር ተስማምቶ ነው የኖረው። ሲያጠፉት ያርፋል፤ ናፍጣውም ጀሪካኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሥራ ቀን ይጠብቃል። ፀሐይ ግን የማንንም የሥራ ቀን አትጠብቅም።

ነገሩን ቄስ ላቀው ዘንድ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የነፍስ አባታችን ከፈቀዱ አባባ ሸራውን ይጥላሉ ብዬ ነበር። ቄስ ላቀው መጥተው ጣሪያውን ጥቂት አዩት።

«አብተው፣ ባሕር ዛፍህ በሰንበት አያድግም እንዴ?»

«ያድጋል አባቴ። የሚያሳድገው እግዚአብሔር ነው።»

«ፀሐይዋስ የማን ናት?»

«ፀሐይዋ የእሱ ናት። ሳህኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። እኔ የተፈረደልኝ መስሎኝ መሰላሉን ይዤ ነበር። «እንግዲህ እኔ ፈቅጃለሁ፤ ልጽደቅ ካልክ ግን አልከለክልህም» ብለው ሄዱ። አባባ በዚያ ቀን ቄሱን በጽድቅ በልጠው ሸራቸውን አጠበቁ።

በሚያዝያ ደግሞ ኢንጂነር ሃይለ ሚካኤል ከባሕር ዳር ሊቆጣጠር መጣ። መሣሪያውን ከባትሪዎቹ ጋር አገናኝቶ አየና ፊቱ ተለወጠ። በየወሩ ብዙ ቀን ምንም ኃይል አልገባም። ደመና ነው? ሽቦ ነው? ጣሪያ ወጥቶ ገመዱን ሁሉ ፈታ፣ መልሶ አሰረ፣ ላበው። አባባ ከታች ቆመው ሲያዩት ከቆዩ በኋላ «ኃይል የጠፋው መቼ መቼ ነው?» አሉት። ቀኖቹን አነበበላቸው።

«ወር በገባ አሥራ ሁለትን አታውቀውም? ስምህ ሃይለ ሚካኤል አይደል?»

ልጁ ከጣሪያው ላይ ቁጭ አለ። ያዘንኩለት ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ደመና አስተምረውታል፤ ስለ አባባ አላስተማሩትም። ባትሪ ይጨመርላችኋል ብሎ ሄደ። ባትሪው እስካሁን አልመጣም።

አሁን ወደ ቡሄ ሰሞን ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእሱ ነው። ባትሪዎቹ በሐምሌ ዝናብ ከተሟጠጡ ቆይተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ፀሐይ ከሰኔ ወዲህ አላየንም። ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ ሸራ። እሁድም እንዲያው ፏ ብሎ ዋለ፤ ሸራ። ማክሰኞ ሚካኤል ነው፣ ረቡዕ ቡሄ። ለሙልሙሉ የሚፈጭበት ቀን ሰኞ ብቻ ነበር። ወደ ጅጋ እንዳይወረድ ወንዙ ሞልቶ አህያ አያሻግርም። አባባን ለመንኳቸው፤ «ፀሐይ ሰኞም ትወጣለች» አሉኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ እንደ ምንም ወጥቼ የሸራውን አንድ ጥግ ፈታሁት። ነፋስ ቢገልጠው ኃጢአቱ የነፋስ ነው ብዬ ነው። አንተ የምታገለግለውን ነፋስ እስኪመሽ ጠበቅኩት። ቅጠል እንኳ አላነቃነቀም።

ሰኞ ሲነጋ ደመናው ጣሪያው ላይ የተኛ ይመስል ነበር። ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው መጡ፤ እትዬ ሀብትነሽ ሕፃኗን አዝላ ከፊት ናት። ወፍጮው ጥቂት ዞረና ዝም አለ።

«አብተው፣ ፀሐይህ የት ገባች?» አለች እትዬ ሀብትነሽ። «ወይስ ዛሬም ታቦት አላት?»

ሴቶቹ ሳቁ። አባባ አልሳቁም። ትናንትና ከትናንት በስቲያ የሸፈኑትን ፀሐይ ቆመው የሚያስቡ መሰለኝ። ልጆቹ ያለ ሙልሙል ቡሄ ሊጨፍሩ ነው። ከዚያ ሞተሩ ላይ የተጣለውን ጆንያ አነሡ፣ ናፍጣ ቀዱለት፣ መዘውሩን ያዙ። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ሞተር መቼ እሺ ይላል። እሳቸው ሲደክሙ እኔ ተቀበልኩ፣ እኔ ስደክም እትዬ ሀብትነሽ ሕፃኗን ለእማዬ ሰጥታ ተቀበለች። በመጨረሻ ሳለ፣ አነጠሰ፣ ተነሣ። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አንተ ልጅ ሳለህ የሰካሃት ጣሳ አሁንም አለች። እንደ ድሮዋ ማፏጨት ጀመረች።

ከዚያ የሆነውን ብታይ። ከወዲያኛው ሸንተረር ሰው ይወርዳል። ዓመት ሙሉ ዐይናቸውን ያላየናቸው ሰዎች አህያ እየነዱ መጡ። አንድ ሽማግሌ አባባን አቅፈው ሳሟቸው።

«እንኳን ከፈትክ አብተው። ተዘግቶ አልነበር?»

«ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

ገባህ? ሶላሩ ድምፅ ስለሌለው ወፍጮው ተዘግቷል ብለው ጅጋ ሲወርዱ ኖረዋል። ወጥቶ መጠየቅ ለእነሱ ነውር ነው፤ ወፍጮ ራሱ ነው የሚጠራቸው። እኔ ደግሞ ፀጥታውን እንደ ትልቅ ነገር ለአንተ ሳወራልህ ነበር።

የመጨረሻዋ ሴት ዱቄቷን ይዛ ስትሄድ ዐይኔ በጭሱ ደም መስሏል፣ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ሳልኩ፣ አባባም ሳሉ። ስለ ጭሱ እውነትህን ነበር፤ ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ለአንተ ግን እነግርሃለሁ። ያን ዕለት በር ላይ ተቀምጬ ያንተን ጥያቄ አሰብኩት። ዓለም ናፍጣን መተው ይችላል? ፀሐይ አላነሰችም፤ የሁለቱ ቀን ፀሐይ ብቻ ለአገሩ ሁሉ ሙልሙል ይበቃ ነበር። ናፍጣ የሚበልጣት መጠበቅ በመቻሉ ነው። ሰው ሲያርፍ አብሮ ያርፋል፣ ሰው ሲነሣ ይነሣል። እናንተ ከተማ ያላችሁትስ? አምፖል የምታበሩት ፀሐይ ስትገባ አይደል? ሁሉም ሰው የራሱ ሸራ አለው። ፀሐይ በራሷ ሰዓት ትመጣለች፣ ሰውም በራሱ ሰዓት ይፈልጋል፤ መሃል ላይ ሆኖ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያቆይ ካልተገኘ ናፍጣ የትም አይሄድም። እሱ ከተገኘ ግን የሚሄድ ይመስለኛል። ለእኛ ቃል የተገባልን ባትሪ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

እኔ በአንተና በአባባ መካከል የሠራሁት ይሄንኑ ነው። አንተ በቁጣህ ሰዓት የተናገርከውን አቆይቼ እሳቸው ደህና ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያሉትንም እንዲሁ። ትንሽ ባትሪ ነኝ፤ አልቄያለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ሰኞ የተረፈችውን ናፍጣ አባባ በትንሿ ጀሪካን አድርገው፣ አፏን በጨርቅ አስረው ከሞተሩ ኋላ አስቀመጧት። የቡሬው ገዢ ባዶ እጁን ሲመለስ ተናደድኩባቸው።

«ለክረምት ብለው ከሆነ ሞተሩ አይሸጥ፣ እሺ። ናፍጣዋስ ለምን ተቀመጠች? እትዬ ሀብትነሽ ያልተፈጨ እህል አለኝ እያለች ነው፤ ነገም ደመና ነው።»

«ለሀብትነሽ ከጅጋ አስመጣለሁ። ይቺ አትነካም።»

«ለምን?»

ወደ ሰማዩ አዩ። ስልክ ስናወራ እንደሚያዩት ነው።

«ያ ልጅ ከፍኖተ ሰላም ሲመጣ ዳገቱ ላይ ሆኖ ፉጨቱን ሲሰማ ነበር እርምጃው የሚፈጥነው። ሳህኑንም ያስተከልኩት ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ግን ሳህኑ አይጣራም። በዝምታ ይግባ?»

የጀሪካኗን ጨርቅ አጠበቅኩት።

እንግዲህ እንዲወጣልህ የጠየቅከው ሞተር ይሄ ነው። መስቀል ሰኞ ይውላል፣ ደመራው እሁድ ነው፣ ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ በእነዚህ ቀኖች ብትመጣ አባባ ሞተር አያስነሡም፣ ሸራውም አይገለጥም፣ ማንም ሳይጠራህ ትገባለህ። ስለዚህ አርብ ና። ዳገቱ ጫፍ ስትደርስ ጥቂት ቁም። ጭሱን አይተህ አትናደድ፤ ጀሪካኗ ትንሽ ናት፣ ብዙ አይቆይም። ሲጠፋ ሁለታችሁ ፊት ለፊት ሆናችሁ ስለ ዓለም ትከራከራላችሁ። እኔ ራቴን በልቼ እተኛለሁ።

መዘውሩን የምታዞረው እህትህ፣
ያምሮት አብተው