ሞቴን በር ላይ ለጠፉት

ቦያና፣

ወለሉ ላይ ያለው ደም የእኔ አይደለም፣ አትደንግጪ። የወንድሜ የኦግኒያን ነው። በሩን በእርግጫ ገነጠለው። "ሴት ሆንኩ ብለህ ኢንተርኔት ላይ ብትወጣ አርድሃለሁ!" ሲለኝ በመጥበሻ አፍንጫውን አልኩት።

አድራሻችንን ማን እንደሰጠው አልጠይቅሽም።

በሩን የሚጠግን አናጢ ሲመጣ አስገቢው። ድመቷ አልበላችም።

ኦግኒያን ሲወጣ የሕንጻው በር ላይ፣ ለሰፈሩ ሟቾች እንደሚለጠፈው ያለ የሞት ማስታወቂያ ለጠፈብኝ፤ አሳትሞት ነው የመጣው። የወንድ ስሜ፣ ጢማም ፎቶዬ፣ "ውድ ልጃችንን አጣን" የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የእናቴ ስም።
እንዳትነኪው።

ሴት መሆኔን እየቀረጽኩ ኢንተርኔት ላይ ላውጣው አላውጣው እያልኩ ከርሜ ነበር፤ ይህን ካንቺ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንቺም "ተይ፣ ይገድሉሻል" ትይኝ ነበር። ይኸው፣ ገደሉኝ።

ከሥራ ስመለስ ማስታወቂያው አጠገብ እቆማለሁ፤ ስልኩን ይዘሽ የምትቀርጪኝ አንቺ ነሽ።

ካሊና