ያልተከልኩት ረድፍ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

እናቴ ትተክልበት በነበረው የሐይቁ ዳር፣ ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ እኔ ቄጠማ እተክላለሁ። ዛሬ ጠዋት አረም ልነቅል ውሃው ውስጥ ስገባ፣ ከሦስቱ ረድፎቼ አጠገብ ያልተከልኩት አራተኛ ረድፍ አገኘሁ። እያንዳንዱ ሥር እንዳይንሳፈፍ በሣር ከጠጠር ጋር ታስሯል። ጭቃው ላይ ከእኔ በቀር የማንም ዱካ የለም።

ጎረቤታችንን እትዬ ዘሀራን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«እንዲህ አስራ የምትተክለው እናትሽ ብቻ ነበረች፣ አላህ ይዘንላት። አትንኪው ልጄ» ብለውኝ ፈጠን ብለው ሄዱ።

እኔ ግን አንዱን ይዤ ጎተትኩት። ከታች ሌላ እጅ የያዘው ይመስል አልነቃነቅ አለኝ።

«እማ፣ ለቀብርሽ ስላልደረስኩ አፉ በይኝ» አልኩ።

ሳልጎትተው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። መልሼ ተከልኩት። ነገ ወደዚያ ለመሄድ እግሬ እሺ ይለኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።